ደሙ ንጹሕ፣ ውሃው መርዛም፦ አንባቢያን ስለ አርሴኒክና ስለ መርዛማ ብረታ ብረቶች ጠየቁ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከምርመራ ወረቀት የተነሡ ናቸው። እያንዳንዱ መርዛማ ብረት በሰውነት ውስጥ የራሱ ማደሪያና የራሱ የቆይታ ጊዜ ስላለው፣ ያለ ቦታው ወይም ያለ ጊዜው የተወሰደ ናሙና ክፉኛ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ለሰባት ዓመት የጠጣነው የጉድጓድ ውሃ ተመርምሮ በሊትር 60 ማይክሮግራም አርሴኒክ ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ አፍልተን ነው የምንጠጣው። እኔና ባለቤቴ ደማችንን ስንመረመር ግን «ምንም የለባችሁም» ተባልን። ልንሠጋ ይገባል?

መልስ፦ አዎ፣ ግን ሥጋቱን የሚቀንስ ብዙ ነገር በእጅዎ አለ። ከውሃው እንጀምር። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አርሴኒክ ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ በእሳት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይበረታል፦ የእርስዎ ውሃ ሩቡ ተንኖ ካለቀ የቀረው በሊትር 80 ማይክሮግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 10 ነው። ስለዚህ ለመጠጥና ለማብሰያ ዛሬውኑ ሌላ ውሃ ይጠቀሙ። በዚህ መጠን በቆዳ በኩል የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ለገላና ለልብስ ያው ውሃ ሊያገለግል ይችላል።

ደማችሁ ንጹሕ የሆነው አርሴኒክ ከደም በሰዓታት ውስጥ ስለሚወጣ ነው። ጉበት ሜቲል የተባለ የካርቦን ቅንጣት እየጨመረበት ወደ ኩላሊት ይልከዋል፤ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወገዳል። ትክክለኛው ናሙና ሽንት ነው፤ እሱም የሚያሳየው ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከምርመራው በፊት ለአምስት ቀን ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ አይብሉ፤ በነሱ ውስጥ ያለው አርሴኖቤታይን ጉዳት የሌለው ሆኖ ሳለ ጠቅላላ ቁጥሩን ያንረዋል። ላቦራቶሪው ኢኦርጋኒክ አርሴኒክንና (በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን ጎጂውን ዓይነት) የሜቲል ውጤቶቹን ለይቶ መለካት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ጥፍርና ጸጉር የወራትን ታሪክ ይይዛሉ፤ ነገር ግን በዚያው ውሃ የታጠበ ጸጉር ከውጭም ስለሚበከል ውጤቱን ማመን ያስቸግራል። ምርመራው እንዲሠምር ብለው ግን መርዙን አንድ ቀን እንኳ መጠጣት አይቀጥሉ።

አርሴኒክ ጉዳት የሚያደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዓይነቱ፣ አርሴናይት፣ በኢንዛይሞች ላይ ያሉትን የሰልፈር ቅንጣቶች አጥብቆ ይይዛል። ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጠው ሰንሰለት በዚህ ይቋረጣል። ሁለተኛው፣ አርሴኔት፣ ፎስፌትን መስሎ በሴል የኃይል ቅመማ ውስጥ ይገባና የተሠራውን ያፈርሳል። ብዙ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ሲገባ ግን ምልክቱ ቆዳ ላይ ይቀድማል፦ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ጠጣር ኪንታሮት መሰል እብጠቶች፣ ደረትና ጀርባ ላይ የዝናብ ጠብታ ያረፈበት የመሰለ ጠቆር ነጣ ያለ ነጠብጣብ። የእጅና የእግር መደንዘዝም ይኖራል። የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ውሃው ከተተወ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሰባቱን ዓመት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የማይድን የቆዳ ቁስል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካዩ አይቆዩ። ከሁለታችሁ የሚያጨስ ካለ ማቆሙ ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ ይጠቅማል፤ አርሴኒክና ሲጋራ ሳንባ ላይ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሳል።

ማጣሪያ ከፈለጉ ተራው የከሰል ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም። በብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ወይም የሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ክፈፍ የሚያሳልፍ) መሣሪያ ያስፈልጋል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አርሴናይት ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ስስ ክፈፍ በከፊል ሾልኮ ያልፋል፤ በክሎሪን ወደ አርሴኔት ሲለወጥ ግን ይያዛል። ክሎሪኑ ደግሞ ክፈፉን ስለሚበላ በመካከላቸው የከሰል ማጣሪያ ይገባል። ብረት ኦክሳይዱ ሲጠግብ የውሃው ጣዕምም ቀለምም አይለወጥም፤ ስለዚህ የተጣራውን ውሃ በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው። የጎረቤት ጉድጓድ ንጹሕ መሆን ስለ እርስዎ ጉድጓድ ምንም አይናገርም። በባንግላዴሽ ችግሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ከታወቀ በኋላ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተመርምረው ቀይና አረንጓዴ የተቀቡት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሩዝ አርሴኒክ አለበት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል ከሌሎች እህሎች የበለጠ ይስባል። አንድ እጅ ሩዝ በስድስት እጅ ወይም ከዚያ በላይ ንጹሕ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ብዙውን ይቀንሳል። አንዳንድ ቫይታሚኖችም አብረው ይሄዳሉ። ውሃው ራሱ አርሴኒክ ካለበት ግን ይህ ዘዴ ነገሩን ያባብሳል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ባትሪ እያቀለጥን እርሳስ የምናወጣበት ቦታ እሠራ ነበር። ሥራውን ስተው በደሜ ውስጥ በዴሲሊትር 38 ማይክሮግራም እርሳስ ነበር፤ በሦስት ወር ወደ 22 ወርዶ ከዚያ ወዲህ ቆመ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሁለት ዓመት ልጅም አለን።

መልስ፦ ቁጥሩ የቆመው አጥንትዎ እየመለሰው ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እርሳስ ካልሲየምን ስለሚመስል በአዋቂ ሰው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ እዚያም ለዐሥርት ዓመታት ይቆያል። ቀስ እያለ ወደ ደም መውጣቱ አይቀርም። ቁጥሩ መልሶ ከጨመረ ግን በአጥንት ብቻ አያሳብቡ፤ ምንጩ አሁንም ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል።

እኛን ከእርስዎ ይልቅ የሚያሳስበን ልጁ ነው። አዋቂ ከዋጠው እርሳስ ዐሥር በመቶ አካባቢውን ሲስብ ሕፃን እስከ ግማሹን ይስባል፤ የሚያድገው አንጎሉ ደግሞ ጉዳት የማያደርስ መጠን አልተገኘለትም። የሥራ ልብሱና ጫማው ቤት ካሉ ያስወጧቸው። ወለሉን፣ የመስኮቱን ደፍና መጫወቻዎቹን በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ወደ አየር ያነሣዋል። የልጁ እጅ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት ይታጠብ። ባዶ ሆድ፣ የብረትና የካልሲየም እጥረት እርሳስ በብዛት እንዲገባ ስለሚያደርጉ በሰዓቱ ይብላ፤ ደም ማነስም ይመርመር። እርሳስ ራሱ የደም ቀይ ቀለም የሚሠሩትን ሁለት ኢንዛይሞች አግዶ ደም ማነስ ስለሚያመጣ ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ምርመራው በደም ነው። ከጣት ጫፍ ተወስዶ ከፍ ያለ ከሆነ ቆዳ ላይ ያለ አቧራ ሊያሳስት ስለሚችል ከደም ሥር ይደገም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ ይቋረጣል፤ ሕፃን 45 ከደረሰ መርዙን አሥሮ የሚያወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ባለቤትዎም ትመርመር፤ በእርግዝና ጊዜ አጥንት ካልሲየም ሲለቅ የቆየ እርሳስ አብሮ ወጥቶ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የካልሲየም ክኒን ትወስድ እንደሆነ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትር መኝታ ክፍል ውስጥ ተሰበረ። የሦስት ዓመት ልጄ ጥቂት ባዜቃ (ሜርኩሪ) ሳይውጥ አልቀረም። የቀረውን በመጥረጊያ ጠርጌዋለሁ።

መልስ፦ የተዋጠው ከሞላ ጎደል በሙሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከዚያ ይልቅ የመስታወቱ ስብርባሪ ያሠጋል፤ ሆዱን ካመመው ወይም ደም ካዩ ቶሎ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። አደገኛው ባዜቃ የሚተነፈሰው ነው፦ ከተሳበው ተን 80 በመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም አንጎል ይደርሳል። መጥረጊያ ጠብታውን ወደ ብዙ ደቃቃ ጠብታ ስለሚከፋፍለው ተኑ ይጨምራል፤ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ደግሞ አሙቆ በቤቱ ሁሉ ይረጨዋል።

አሁንም አልረፈደም። ልጁን ያስወጡ፣ የክፍሉን በር ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ። የወርቅ ቀለበትዎን ያውልቁ፤ ባዜቃ ከወርቅ ጋር ይዋሐዳል። ጓንት አድርገው የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ በአግድም ያብሩ፤ ጠብታዎቹ ያብረቀርቃሉ። በሁለት ጠንካራ ወረቀት ገፍተው ይሰብስቧቸው፤ ደቃቃዎቹን በፕላስተር ያንሡ። ሁሉንም፣ መጥረጊያውን ጭምር፣ አሽገው በከተማው የአደገኛ ቆሻሻ ደንብ መሠረት ያስወግዱ እንጂ ፍሳሽ ውስጥ አይጨምሩ። የተነካ አልጋ ልብስ በማሽን አይታጠብ። ክፍሉ ቢያንስ ለ24 ሰዓት አየር ይግባው።

ጥያቄ፦ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ስቀባ ቆየሁ፤ አሁን ፊቴ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፣ ሽንቴም አረፋ ይሠራል።

መልስ፦ ክሬሙን ዛሬ ያቁሙ፤ በፕላስቲክ አሽገው ወደ ሐኪም ይዘውት ይሂዱ። የሜርኩሪ ጨው ቆዳን የሚያነጣው ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ በቆዳ ገብቶ ግን የኩላሊትን ወንፊት ይጎዳል፤ የገለጹትም በትክክል ፕሮቲን በሽንት ሲፈስ የሚታይ ምልክት ነው። በሽንት የሜርኩሪና የፕሮቲን ምርመራ ይጠይቁ። «ከብርና ከወርቅ ጌጥ ጋር አይንካ» የሚል ወይም «ካሎሜል» የተጻፈበት ክሬም ሜርኩሪ እንዳለበት ይጠርጥሩ። ፎጣና ትራስ የሚጋሯችሁ ሕፃናትም ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ማዕከል ክኒን ሰጥቶኝ ሽንቴን ለስድስት ሰዓት አጠራቀመና «እርሳስና ሜርኩሪህ ከመደበኛው በላይ ነው» አለኝ። ሃያ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ማጽጃ አዘዘልኝ።

መልስ፦ አይጀምሩት። የተሰጥዎት ክኒን ብረት አሥሮ በሽንት የሚያወጣ ነው፤ እሱን የዋጠ ማንኛውም ሰው ሽንቱ ከፍ ይላል። «መደበኛ» የተባለው ቁጥር ደግሞ ክኒኑን ካልዋጡ ሰዎች የተወሰደ ነው፤ ሁለቱ አይወዳደሩም። መድኃኒቱም ቀላል አይደለም፦ ዚንክንና መዳብን ይዞ ይወጣል፤ ብረት አሥሮ በሚያወጣው መድኃኒት በካልሲየም ኢዲቲኤ ፈንታ ስሙ የሚመስለው ሶዲየም ኢዲቲኤ በስሕተት ተሰጥቷቸው በደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ የሞቱ ሰዎች አሉ። መድኃኒቶቹ ሕይወት የሚያድኑባቸው ጊዜያት አሉ፤ በድንገት ብዙ አርሴኒክ ለዋጠ ሰው ወይም እርሳስ አንጎሉን ላጠቃው ሕፃን ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣቸዋል። ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ ለእርሳስ ደም፣ ለሜርኩሪ ደምና ሽንት በሌላ ላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ከፍ ካለ ከሐኪም ጋር ምንጩን ይፈልጉ።