ልቁም ላለ ሰው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። እዚህ ሜልበርን ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና ትማራለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ትናንት አንድ አዛውንት ልነሳ፣ ልቁም አሉኝ። የእንክብካቤ ፕላናቸው ላይ በሊፍተር፣ በማንሻው ማሽን ብቻ ይላል። አይሆንም አልኳቸው። ልክ ነኝ አይደል?»

ልክ ነሽ አልኳት። በራሷ ብታነሳቸውና ቢወድቁ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ራሴ ፊዚዮ ሆኜ በሠራሁበት መኖሪያ የነበሩት ኖኖ ትዝ አሉኝ።

ስማቸውን አልጠራም። ሁላችንም ኖኖ ነበር የምንላቸው፣ በጣሊያንኛ አያት ማለት ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2018 ነው። ኖኖ በ1950ዎቹ በመርከብ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንበኝነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ሳምባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝተው ሲመለሱ እግራቸው ከዳቸው። «ለጊዜው በሊፍተር ይነሱ» ተብሎ ተጻፈ። «ለጊዜው» የምትለው ቃል የት እንደገባች እንጃ፣ ከሁለት ወር በኋላ ፋይሉ ላይ የቀረው «በሊፍተር ብቻ» የሚለው ነው።

እኔ በሳምንት 4 ቀን እሳቸው ክፍል እገባ ነበር፣ 20፣ 20 ደቂቃ። ግን ላቆማቸው አይደለም። ጉልበታቸውን ላሽ ነው። ያኔ ገንዘቡ የሚመጣው አክፊ በምንለው አሠራር ነበር። ለሕመም ማስታገሻ ማሸትና በቀላል ኤሌክትሪክ ሕመም ለሚያስታግሰው ቴንስ ማሽን፣ በሳምንት 4 ቀን በድምሩ 80 ደቂቃ ሲሞላ፣ መንግሥት ለመኖሪያ ቤቱ ይከፍላል። ሰውየው እንደገና ቆሞ እንዲሄድ ማሠራት ግን እንደዚያ አያስከፍልም። ስለዚህ በቀን 17፣ 18 ሰው አሻለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ።

ኖኖ በገባሁ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። «ዛሬ እንቆማለን?» ልጃቸው ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዝታ አምጥታላቸው ነበር፣ ጓሮ ወጥተው ቲማቲማቸውን እንዲያዩበት። ጫማው ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተቀምጧል። እኔም «ሌላ ቀን» እላለሁ።

አንድ ሐሙስ አንዲት ነዋሪ ሆስፒታል ሄደው 20 ደቂቃ ተረፈኝ። አንዱን ሠራተኛ ጠራሁና ጫማውን አደረግንላቸው፣ ቀበቶ አሰርንላቸው፣ ዎከሩን፣ መደገፊያውን፣ ከፊታቸው አደረግን። ቆሙ። ቆጥሬያለሁ፣ 12 ሰከንድ። ያንን 12 ሰከንድ ወደ እኔ አላዩም፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት። ለካ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የመስኮቱ ደፍ ከፍ ስለሚል ጓሮው አይታያቸውም። ስንት ወር እዚያ ክፍል ስገባ ስወጣ አንድም ቀን ዝቅ ብዬ እሳቸው ከሚያዩበት ቦታ አይቼ አላውቅም። ሲቀመጡ እጄን ያዙና «ሐሙስ፣ እንደገና» አሉኝ። እሺ አልኩ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። ፕላኑ ላይ የለም፣ ቢወድቁ ማን ይጠየቃል አለችኝ። አልተቆጣችም እንኳ። እኔም ዝም አልኩና ወደ ማሸቴ ተመለስኩ። ለዓመታት ይህን ታሪክ ሳወራ «አስተዳደሩ ከለከለኝ» ነበር የምለው። ውሸት ነው። ፕላኑን መቀየር የሚችለው ባለሙያ እኔ ነበርኩ። እንደገና መርምሬ አንድ ገጽ ብጽፍ፣ በሁለት ሰው ድጋፍ ይቁሙ ብል፣ ያልቅ ነበር። ቢበዛ የ40 ደቂቃ ሥራ ነው። ማታ ቤቴ ሄጄ ልጽፈው እችል ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ እዚህ ክረምት ነው፣ ጉልበታቸው ታጥፎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብትፈልጉም አይዘረጋም። መጠየቅም አቆሙ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጠየቅ ሲያቆሙ ቀለል ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው።

የሚገርመው በዚያው በ2018 ሰንቢም የተባለው ጥናት ውጤት እዚሁ አውስትራሊያ ወጣ። በ16 የአረጋውያን መኖሪያዎች የጡንቻና የሚዛን ልምምድ የሠሩት አዛውንቶች መውደቃቸው ካልሠሩት በ55 በመቶ ቀነሰ። ሥራ አስኪያጇ የፈራችውን መውደቅ የሚቀንሰው እኔ የተውኩት ሥራ ነበር ማለት ነው። ሌላም አለ፣ በ2007 የታተመ። ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ጤነኞቹ! ኖኖ በሽተኛ ሆነው ሁለት ሳምንት ነው የተኙት።

ያኔ አክፊ ይውደም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። የአረጋውያን እንክብካቤን የመረመረው ሮያል ኮሚሽን በ2021 የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ ደስ አለኝ። ፊዚዮ ብቻ ሳይሆን የእግር ሐኪም፣ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ፣ የአመጋገብ ባለሙያ፣ የጥርስና የአእምሮ ጤና ሰው ሁሉ የእንክብካቤው አካል ይሁኑ ብሎ ነበር። በጥቅምት 2022 አክፊ ቀረ፣ አዲስ አሠራር መጣ። አሁን ሕጉ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን በአማካይ 215 ደቂቃ እንክብካቤ ይላል፣ 44ቱ የነርስ። የእኛ ሥራ ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ይቀነሳል። ጓደኞቼ ሥራ አጡ። ስለዚህ ዛሬ ጠይቁኝ ብትሉ፣ ያ የጠላሁት የ20 ደቂቃ ማሸት ቢያንስ አንድ ባለሙያ በሳምንት አራት ጊዜ በር እንዲያንኳኳ ያደርግ ነበር እላለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ።

ስለ እኛ ልጆች አንድ ነገር ልበል። እዚህ ኤጅድ ኬር ውስጥ የሚሠራው ሐበሻ ብዙ ነው፤ አዛውንቶቹም ይወዱናል፣ ምክንያቱም እናከብራለን። ግን አክብሮታችን እግር ያስራል። «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አደርግልዎታለሁ» እንላለን። ካልሲውን እኛ፣ ቁልፉን እኛ፣ ማንኪያውን እኛ። ደሴ ያለች አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ቤተሰቡ በፍቅር ዓመት ሙሉ ከአልጋ አላወረዳትም። በስልክ አስነሷት ስል «አንተ ፈረንጅ ሆነሃል» ተባልኩ። ካልሲውን ራሳቸው ያድርጉ። አሥር ደቂቃ ይፈጅ።

ደግሞ የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ ናችሁ። መዝገቡን በሁለት ደቂቃ ሞልታችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ሰውየውን ግን ቀና ብላችሁ ሳታዩ። እኔም አላየሁም፣ ያውም ስልክ በእጄ ሳይኖር። በሌላ በኩል ትጠይቃላችሁ። እኔ በዚያች ልጅ ዕድሜ «ልክ ነኝ ወይ?» ብዬ ለማንም ደውዬ አላውቅም።

ወላጅ ኤጅድ ኬር ያስገባችሁም አትፍሩ። ነዋሪው የሚያስፈልገውን ፊዚዮ ቤቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማቅረብ አለበት። አንዳንዱ ቤት በሜዲኬር፣ በመንግሥት የጤና መድን፣ በዓመት የሚገኙትን 5 ጉብኝቶች ተጠቀሙ ብሎ ይሸኛችኋል። እነሱ ለብቻ ናቸው፣ የቤቱን ግዴታ አይተኩም። መጨረሻ የተመረመሩበትን ቀን አሳዩን በሉ።

ለልጅቷ በማግሥቱ ደወልኩላት። የአዛውንቱን ፋይል ክፈቺና በሊፍተር ብቻ የሚለው መቼ እንደተጻፈ እይ አልኳት። ማታ መልእክት ላከችልኝ። ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ቀን ነው፣ 14 ወር ሆኖታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልመረመራቸውም። ለነርሷ ነግራ ፊዚዮ እንዲያያቸው በጽሑፍ አስጠይቃለች። ማክሰኞ ይመጣል።

ጫማ እንዳላቸው እይ አልኳት።