ዕዳም ሙገሳም የሚሆን ቃል

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባልደረባዬ «አውትስታንዲንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተርጉሞ ለአንድ ደንበኛችን «የላቀ ዕዳ አለብዎት» ብሎ ጻፈላቸው፤ ሰውየው ተቆጥተው መጡ። አስጎብኚው ወንድሜ ደግሞ የሐረር ጀጎልን በዚሁ ቃል ሲያሞግሳት እሰማለሁ። አንድ ቃል እንዴት ዕዳም ሙገሳም ይሆናል?

መልስ፦ ደንበኛዎ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። «የላቀ ዕዳ» ያለ ሰው ከሌሎች ሁሉ ዕዳ የሚበልጥ ዕዳ ማለቱ ነው። ደብዳቤው ሊል የፈለገው ግን «ገና አልተከፈለም» ብቻ ነበር።

የቃሉ ሥር «ወጥቶ መቆም» ነው። ከመሰሎቹ ወጣ ብሎ የቆመ ዓይን ይስባል፤ ሙገሳው ከዚህ ነው። ሳይዘጋ እንደ ቆመ የቀረ ሒሳብም አለ፤ ዕዳው ከዚህ ነው። አማርኛም ከ«ወጣ» ተነሥቶ «የወጣለት ነጋዴ» ይላል። ግን «የወጣለት ሌባ»ም ስለሚል ለምስጋና ደብዳቤ አልመርጠውም። ለተማሪ «በትምህርቷ የላቀች»፣ ለሐኪም «አንቱ የተባለ» ያምራል።

በሒሳብ ቤት ብዙዎች «ውዝፍ» ብለው ይገላገላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እለምናለሁ። ውዝፍ መክፈያ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ቀኑ ያልደረሰውንም ይጨምራል። ቀኑ ሳይደርስ «ውዝፍ አለብዎት» የተባለ ነጋዴ ስሙ ያለ ጥፋቱ ይጎድፋል። «እስከ ዛሬ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ» ቢሉ ማንም አይከፋም። በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከመጣ ደግሞ «እልባት ያላገኙ ጉዳዮች» ነው።

የወንድምዎ ጉዳይ ይከብዳል። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው። ቃሉም የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1972 ከጸደቀው የዓለም ቅርስ ስምምነት ሲሆን፣ በዚያ አገባቡ የአገርን ድንበር ተሻግሮ ለዛሬውም ለመጪውም ትውልድ የሚተርፍ ፋይዳን ያመለክታል። ስለዚህ አስጎብኚዎች «ታዋቂ» ብለው ሲተረጉሙት ያሳዝነኛል። ዝና ከሰው አፍ የሚገኝ ነው። የጀጎል ፋይዳ ግን በግንቡ፣ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ከሁሉም ይልቅ «ጌ ጋር» በሚባሉት የሐረሪ ቤቶች ውስጣዊ አሠራር ላይ ያረፈ ነው። ጎብኚ ቢጠፋ እንኳ ያ ፋይዳ አይቀንስም። ወንድምዎ «ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ ልዩ ፋይዳ ያላት» ቢላት ደስ ይለኛል፤ ቢረዝምም አንድም ቃል አይቀነስለት።