ቀኑን ሙሉ ቤት ለምትውል እናት ስለ ሬዲዮ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው። «እናቴን ከገዳም ሰፈር አምጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አስገባኋት። እኔና ባለቤቴ በጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ቴሌቪዥን ዓይኗን ያማታል። ሬዲዮ ልገዛላት አስቤ ነበር፤ ግን እኛ ቤት ውስጥ ይንጫጫል። ምን ዓይነት ልግዛ? የትኛውን ጣቢያ ከፍቼላት ልሂድ?» ብለሻል። ብዙዎች የጣቢያ ቁጥር ጽፈውልሽ አልፈዋል። እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ይህንኑ ነገር በአባቴ አይቼዋለሁ።

እኔም የምኖረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከብሎካችን ሥር ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። ዓይኔና እጄ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ ናቸው፤ ጆሮዬ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል። አባዬ ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እኔ ጋ ገባ። አሁን 79 ዓመቱ ነው። የመጣ ቀን አቃቂን ስናልፍ በታክሲው መስኮት እያየ «ሬዲዮ የተጀመረበት አገር አመጣሽኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. ሲሰማ ማሰራጫው አቃቂ ነበር። ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስምም የመጣው ያለ ሽቦ ከሚሠራው ስልክ ነው። ይህን ሁሉ እሱ ነው የነገረኝ።

ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። መስኮት ሥር ይቀመጥና በየሰዓቱ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። መጀመሪያ እየዘነጋ መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ። የድሮው ሰፈር ቀን በድምፅ የተከፋፈለ ነበር። ጠዋት ቅዳሴው ይሰማል። ረፋዱ ላይ ቆራሌው ይጮሃል። ቀን የጎረቤት ቡና ይወቀጣል፤ ከዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ሰፈሩ ይናወጣል። አባዬ ሰዓት ሳያይ ሰዓቱን ያውቅ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲዘጋ ግን ሦስት ሰዓትም ዘጠኝ ሰዓትም አንድ ነው። እናትሽም የጎደላት ይሄ ይመስለኛል።

ሬዲዮ ገዛሁለት። ያጠፋሁት ጥፋት አንቺ ልታደርጊ ያሰብሽው ነው። ጠዋት አንድ ጣቢያ ከፍቼለት ወረድኩ። አራት ሰዓት ላይ ምሳውን ላዘጋጅ ስወጣ አጥፍቶታል። በማግስቱም እንዲሁ። «ሰውየው ዝም አይልም እንዴ?» አለኝ። አንድ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ለማንም አይሆንም። አንዱ ሙዚቃው ያምራል፣ አንዱ ጨዋታው፣ አንዱ ስፖርቱ። ስለዚህ የትኛውን ከፍቼላት ልሂድ ላልሽው፣ አትክፈቺላት። ራሷ ትክፈት፣ ራሷ ትቀይር።

ለዚህ ደግሞ ሬዲዮው በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ይሁን። የመጀመሪያው የገዛሁለት በትንንሽ ቁልፎች የሚሠራ ዲጂታል ነበር። ቁጥሩ አይታየውም፤ አንዴ ከተነካ ጣቢያው ይጠፋበታል። በወሩ ደግሞ ተበላሸ። ሁለተኛው ባለ መርፌ ነው፤ መርፌዋ በቁጥሮቹ ላይ ትሄዳለች። የልጄን የጥፍር ቀለም ወሰድኩና በጣቢያዎቹ ቦታ ላይ ነጠብጣብ አደረግኩበት። ቀዩ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሮዙ ፋና 98.1፣ ወይን ጠጁ ብስራት 101.1፣ ነጩ ሸገር 102.1። ሸገርና ብስራት በጣም ስለሚቀራረቡ ነጠብጣቡን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነው ያስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ስልክ ደውዬ «አባዬ፣ ነጩ ላይ ጥሩ ነገር አለ» እለዋለሁ። አሁንማ እሱ ነው የሚደውልልኝ።

ቀኑ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ከወሬ በፊት ዋሽንት ወይ ክራር ካገኘ እሱን ያስቀድማል። ዜና አንዴ ይሰማል፣ ይበቃዋል። ይህን አደራ እልሻለሁ፤ ብቻውን የሚውል ሰው በየሰዓቱ ዜና ከሰማ ልቡ ይጨነቃል። ረፋድ የሙዚቃ ነው። ልጄ ትምህርት የሌላት ቀን አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ዘፈን ሲጀምር ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት «ይቺ ምንድን ናት?» ይላታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱን ቅኝት የለየችው በሬዲዮ ነው። ትዝታና ባቲን ቶሎ ያዘች። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ብዙ ጊዜ አምታቷታል። እሱም አልሰለቸም።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ልብስ እየቆረጥኩ የሙዚቃ ምርጫ ይሰማል። አዘጋጁ ደዋዩን «አባቴ፣ የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱልኝ» ይለዋል። ደዋዩ ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ፣ ቁልፉ የትኛው ነበር?» ሲል ድምፁን ለየሁት። አባዬ ነው! መቀሱን አስቀመጥኩ። ለእናቴ ትዝታ መረጠላት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ እሱ ግን «ለባለቤቴ» ብቻ ነው ያለው። ሱቅ የነበሩት ደንበኞቼ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተናገሩም። ስልክ እንደምትደውልበት አሳያት፤ እናትሽም የምትመርጥለት ሰው አይጠፋትም።

ለባህልና ለቁም ነገር የማልተወው በሸገር የሚተላለፈውን የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ነው። እንግዳው ልጅነቱን፣ ሰፈሩን፣ የሠራበትን ዘመን ቀስ ብሎ ይተርካል። አይቋረጥም፣ አይቻኮልም። ዕድሜ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲሰማ ዝም ብሎ አድማጭ አይሆንም፤ መልስ ይሰጣል። አባዬ «እሱን ቤትማ አውቀዋለሁ!» ብሎ ከሬዲዮው ጋር ያወራል። ማታ ስገባ የሚነግረኝ ነገር አለው። ድሮ ስገባ የሚጠብቀኝ ዝምታ ነበር።

ትረካም አለ። የሱ ትውልድ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ እየሰማ ያደረ ነው። አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር ይላል። በ1994 ዓ.ም. የጀመረውን «የቀን ቅኝት» ድራማ ደግሞ እኔም እናቴም አንድ ክፍል እንዳያመልጠን ሥራ አቁመን ነበር የምንሰማው። የምትገዢው ሬዲዮ ፍላሽ የሚወስድ ከሆነ የድሮ ትረካዎችን ጫኝላት። ሬዲዮው ላይ የሚጥማት ነገር ያጣች ቀን ይጠቅማታል።

ቀልድ ላይ ምርጫሽን አስቢበት። አሁን ያለው የኤፍኤም ጨዋታ ብዙው የወጣት ነው፤ አራዳ ቋንቋው ይፈጥንባቸዋል። አባዬን የሚያስቀው የነተስፋዬ ካሣ፣ የነአለባቸው ተካና የነልመንህ ታደሰ ነው። ጣቢያዎች በበዓል ሰሞን የድሮውን ሲያወጡ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። የሚቀጥለውን ቃል ያውቀዋል፤ እያወቀው ይስቃል። እነሱንም ፍላሹ ላይ ጨምሪ።

ስፖርቱን ደግሞ «እናቴ ኳስ አትወድም» ብለሽ አትለፊው። ኳስ በሬዲዮ ሌላ ነገር ነው። ሜዳውን የሚሠራልሽ አስተላላፊው ነው። አባዬ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ ሴካፋን፣ ስትወስድ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው ያየው። ልብ በይ፣ «ያየሁት» ነው የሚለው። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ያንን ምሽት ይተርክልናል፤ የደምሴን ትንፋሽ ሳይቀር ያስመስላል። ጥቅምት 2005 ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ እኔ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ሁለተኛው ጎል ሲገባ ከውጭ የመጣው ጩኸት ከሬዲዮው ቀደመ።

ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ሊግ ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናትሽ ሰዓቱን ከለመደች በኋላ እንዳትደናገር። የእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ እኛ ጋ 11 ሰዓት ነው። ከዚያ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ 12 ሰዓት ይሆናል። አባዬ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ጠብቋል። መብራት የጠፋ ቅዳሜ ደግሞ የብሎካችን ልጆች «አባባ፣ ስንት ለስንት ነው?» እያሉ ይመጡና ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ። በራችን የተከፈተው በዚያ ነው። አሁን ሰኞም ማክሰኞም እየገቡ ይጠይቁታል።

ወደ መንጫጫቱ ልመለስ። የኤፍኤም ሞገድ በቀጥታ ነው የሚጓዘው፤ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ብረትና ኮንክሪት ነው። ሬዲዮውን ከመሀል ቤት አንሺና መስኮት ጋ አድርጊው። ከቱሉ ዲምቱ ፉሪ ተራራ በስተምዕራብ ነው፤ እዚያ የማሰራጫ ማማዎች አሉ። ወደዚያ የሚያይ መስኮት ካለሽ ከሱ ጀምሪ። አንቴናውን እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ዘርጊው፤ ለኤፍኤም እሱ ይበቃል። ከዚያ ቀስ እያልሽ አዘንብዪው። በስልክ ለመስማት ካሰባችሁ ደግሞ ብዙ ስልክ ያለ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ኤፍኤም አይዝም፤ አንቴናው ሽቦው ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ግን የሚወጣው አንቴና አይሠራም፤ ራሱን ሬዲዮውን ነው የምታዞሪው። እዚያና አጭር ሞገድ ላይ የስልክ ቻርጀርና ርካሽ አምፖል በጣም ያንጫጫሉ። እኛ ቤት ጥፋተኛው የልጄ ቻርጀር ነበር። ነቀልነው፣ ጠራ። አባዬ አመሻሽ ላይ የጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ መስማት ልማዱ ነው። የአማርኛው ክፍል በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ጀምሮ አባቱ ይሰማው ነበር።

ሬዲዮው በመብራትም በድንጋይም የሚሠራ ይሁን። መብራት እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ያለች እናት ደግሞ በትክክል የምትፈልገው መብራት የጠፋ ሰዓት ነው። መለዋወጫ ድንጋይ ግዢና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ። ያለቀውን ሬዲዮው ውስጥ አታቆዪው፤ ውኃ አውጥቶ ሽቦውን ይበላዋል።

የጥፍር ቀለሙ ከኔ ጋር አለ፣ አራቱም። ሬዲዮውን ስትገዢ እናትሽን ይዘሻት ሱቄ ነይ። ነጠብጣቡን እሷ እየመረጠች እናደርግላታለን። አባዬም ያን ጊዜ ይወርዳል፤ የገዳም ሰፈር ሰው መሆኗን ከነገርኩት ጀምሮ «መቼ ነው የሚመጡት?» ይለኛል።