ወይንሽ ላይ ስለወጣው ነጭ ዱቄት

ሰላም እህቴ። «ግቢዬ ያለው ወይን ቅጠሉም ፍሬውም ነጭ ዱቄት ለበሰ። ልጆች ስለሚበሉት ኬሚካል መርጨት አልፈልግም። ወተት ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይሠራል፤ ግን ለሁሉም በሽታ አይደለም። ቢሾፍቱ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሐረግ አለኝ፤ ስምንት ዓመት ሞክሬበታለሁ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው። ዱቄቱ በጣት ሲጠረግ የሚለቅ ከሆነ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው የሻጋታ በሽታ ነው። ከላይ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ካለ ግን ዳውኒ ሚልዲው የሚባል ሌላ በሽታ ነው። እሱ ዝናብን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ወተት አያቆመውም። ሁለቱን ሳይለዩ ረጭተው ወተቱን የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

የአንቺ ፓውደሪ ከሆነ፣ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪ። ቅባቱ የወጣለት ይሻላል፤ ሽታው ይቀንሳል። ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት ርጪው። ወተቱ ሻጋታውን የሚጎዳው ብርሃን ሲያገኘው ነውና በደመና ቀን ብትረጪ ድካም ብቻ ነው። የቅጠሉ ሁለቱም ፊት ይርጠብ፤ በየአሥር ቀኑ ድገሚው።

አይብ የምታወጪ ከሆነ አጓቱን አትድፊው። እኔ አንድ እጁን በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኜ እረጫለሁ። ከወተቱ ትንሽ ደከም ይላል፤ ቢሆንም ወጪ የለውም። በአውሮፓ ኅብረትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጓት ለወይን ፓውደሪ ሚልዲው የተፈቀደ ነው።

ጊዜው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፍሬው በቀላሉ የሚያዘው ከአበባው አንስቶ ፍሬ ከያዘ በኋላ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ራሱ ይጠነክራል፤ ቅጠሉ ግን አሁንም ይያዛል። ስለዚህ ዱቄቱን እስክታዪ አትጠብቂ፤ አበባው ሳይፈነዳ ጀምሪ። ወተት ይከላከላል እንጂ የተበላሸ ዘለላ አይመልስም።

ዳሱ ላይ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍና ቅጠልም ግረዢው። ይህ ሻጋታ እንደ ዳውኒ እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ጥላና የታፈነ ቦታ ይበቃዋል። በዘለላዎቹ ዙሪያ ያሉትን ቅጠሎች ሳነሳ ከመርጨት ያላነሰ ለውጥ አይቻለሁ።

ቤኪንግ ሶዳም ይረዳል፤ ለአንድ ሊትር አምስት ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ እንዳትቀያይሪው። አንድ ጊዜ አብዝቼ በቀትር ረጭቼ ቅጠሉ ተቃጥሎብኛል። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ብቻ ሞክሪ።

ዳውኒ ሆኖ ከተገኘ ሰዎች የመዳብና የኖራ ውሁድ ይነግሩሻል። ፈረንሳዮቹ በ1880ዎቹ ቦርዶ አካባቢ ያገኙት ነው። መንገደኛ እንዳይሰርቃቸው ብለው መንገድ ዳር ያለውን ወይን በዚህ ሲቀቡት፣ ያ ወይን ከበሽታው ተርፎ ተገኘ። ይሠራል፤ ግን መዳብ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ልጆች ለሚጫወቱበት ግቢ እኔ አልመርጠውም። የታመመውን ቅጠል ለቅሜ አወጣለሁ፣ ውሃም ከሥር ብቻ አጠጣለሁ።

አሁን የተሰነጠቁትን ፍሬዎች ቆርጠሽ ከግቢ አውጪ። የቅጠሉን ሥር ፎቶ አንስተሽ ለጥፊው፤ የቱ እንደሆነ አብረን እናያለን።