መልስ፦ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወደ ልጄ ትምህርት ቤት እንዲመጣ ምን ላድርግ?
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ አንደኛ ክፍል ለሚማረውና ንግግሩ ለዘገየው ልጅዎ፣ ባለሙያ ከውጭ መጥቶ በትምህርት ቤቱ እንዲረዳው እንዴት እንደሚደረግ ጠይቀዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መስማቱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እንዲመረመር አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ደጋግሞ የሚመግል ጆሮ መስማትን በመቀነስ ንግግርንም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ይህ ሳይጣራ የሚጀመር የንግግር ልምምድ የልጁን ጊዜ ሊያባክን ይችላል። ከዚያም ውጤቱን አያይዘው ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ባለሙያው የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚሠራበትን ክፍል፣ ክፍያውን የሚሸፍነውንና የልጁን መረጃ ማን ሊያይ እንደሚችል በግልጽ ያስፍር። ልጁ ከዕረፍት ሰዓቱ ተነጥሎ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። ባለሙያው በቤት የምትነጋገሩበትን ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞም ይሁን አማርኛ፣ ቢችል ይመረጣል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ልምምድ ስለማይበቃ፣ የክፍሉ መምህርና እርስዎም በየዕለቱ እንድትደግሙት ባለሙያው ያሳያችሁ።