ፊኛው ተነፋ፣ ሚዛኑ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ "መጠነ ቁስ አይጠፋም" የሚለውን ሕግ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ አቼቶ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ፊኛ ውስጥ ጨምሬ የፊኛውን አፍ ጠርሙሱ ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ሶዳውን ሳራግፈው ፊኛው ተነፋ፤ ሚዛኑ ግን ከአንድ ግራም በላይ ቀነሰ። የት ገባ? (የኬሚስትሪ መምህር)

መልስ፦ የትም አልገባም። ውሃ ውስጥ ያለ ዕቃ እንደሚቀል ሁሉ አየር ውስጥ ያለም በመጠኑ ይቀላል፤ የሚቀለውም ገፍቶ ባስለቀቀው አየር ክብደት ልክ ነው። የተነፋ ፊኛ ብዙ አየር ያስለቅቃል።

እናስላው። 4.2 ግራም ሶዳ 5 በመቶ አሲድ ካለው 60 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጋር ሲዋሃድ 2.2 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ በክፍል ሙቀት 1.2 ሊትር ያህል ነው። የዚያን ያህል አየር 1.4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሚዛኑ የሚቀንሰውም ይህንኑ ነው። ጥቂት ጋዝ ሟሙቶ ስለሚቀር ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ቅናሹ ወደ 2.2 ከተጠጋ ግን ፊኛው እያፈሰሰ ነው። (ከፍታ ቦታ ላይም ቁጥሩ አይለወጥም፤ ጋዙ ይበልጥ ሲሰፋ አየሩ በዚያው ልክ ይሳሳል።)

ለዚህ ሕግ ፊኛ ጥሩ ማሳያ አይደለም፤ የማያብጥ ዕቃ ይጠቀሙ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ ይጨምሩ፤ 0.4 ግራም ሶዳ የያዘች ትንሽ ቱቦ ቀጥ አድርገው ያስገቡ፤ ክዳኑን ያጥብቁና ይመዝኑ። ከዚያ ጠርሙሱን አዘንብለው ያዋህዱ፤ እንደገና ይመዝኑ። ቁጥሩ አይነቃነቅም። ክዳኑን ሲያላሉት ጋዙ "ፍስስ" ብሎ ይወጣል፤ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ቅናሹን ያሳያል። ሶዳውን አያብዙ፤ የመስታወት ጠርሙስማ በፍጹም።

ጥያቄ፦ ቅጠል ላይ አዮዲን ስንጨምር ቡናማ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል ይላል። (የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች)

መልስ፦ ቡናማው የአዮዲኑ የራሱ ቀለም ነው፤ ስታርች (ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ሠርቶ የሚያከማቸውን ምግብ) አላገኘም ማለት ነው። ቅጠሉን ጠዋት በማለዳ ከቆረጣችሁት ሌሊቱን ስታርቹን ጨርሶት ይሆናል፤ ለሰዓታት ፀሐይ ከሞቀው በኋላ ቁረጡት። የሽንኩርት ቅጠል ከሆነ ደግሞ የሚያከማቸው ስኳር ነውና አይሆናችሁም።

ሌላው ጥፋት ማፍላቱን መዝለል ነው። ቅጠሉ በፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ካልቆየ አዮዲኑ ወደ ሕዋሱ በደንብ አይገባም። ቀጥሎ አረንጓዴ ቀለሙ እንዲለቅ ቅጠሉን አልኮል ባለበት ቱቦ ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እሳቱን አጥፉ! አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ፣ አልኮልና ቅጠል የያዘው ቱቦ የፈላው ውሃ ውስጥ መቀመጡ ብቻ ይበቃዋል፤ ትነቱ ግን እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ቅጠሉ ሲነጣ እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰባበራል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አለስልሱትና ነጭ ሳህን ላይ ዘርጉት። አሁን አዮዲን።

ጥያቄ፦ ጨረቃ የምትጎድለው በምድር ጥላ ነው? ልጄ አይደለም ይለኛል። (ወላጅ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። የምድር ጥላ የሚወድቀው ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ግን ከሰዓት በኋላ ከፀሐይ ጋር አብራ ትታያለች። ከጨረቃ ግማሹ ሁሌም ብርሃን አለው፤ በ29.5 ቀን ዑደት የሚለዋወጠው ከእኛ በኩል የሚታየው ድርሻ ነው። ጥላው የሚያገኛት በግርዶሽ ብቻ ሲሆን፣ ምህዋሯ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ በየወሩ አይደርስም።

ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ አምፖል ፊት ነጭ ኳስ ይዘው በቀስታ ይዙሩ። ኳሱን ከራስዎ ከፍ ያድርጉት፤ አለዚያ ግርዶሹን የሚሠራው የእርስዎ ጭንቅላት ይሆናል።