«ዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም» ካለሽ፣ የዋይፋይ ካርድ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ጭነሽ «ዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም» እንዳለሽ፣ በዊንዶውስ ግን ይሠራ እንደነበር ጽፈሻል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን፣ ሌላ ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ቢያንስ ዛሬ አትግዢ። ትናንት በዊንዶውስ ሲሠራ የነበረ ካርድ ዛሬ የጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ስለሌለው ነው። እኔም እዚሁ ቦታ ላይ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ።

ስህተቴ የላፕቶፑን ስም እየጻፍኩ መፍትሔ መፈለጌ ነበር። አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ላፕቶፖች እኮ ውስጣቸው የተለያየ ካርድ ሊኖር ይችላል። ለሌላው የሠራለት ለኔ አልሠራም። ጭራሽ እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ድራይቨሮች ጭኜ ነገሩን አባባስኩት። ወሳኙ የካርዱ ቁጥር ነው።

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺና በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ኤልኤስፒሲአይ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ሁለት ኤን ጨምረሽ ኢንተር በይ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ፈልጊ። እዚያው መስመር ላይ በቅንፍ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ቁጥር ታያለሽ። የፊተኛው ግማሽ አምራቹን ይነግርሻል፦ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪያልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም ነው። የኔ 14ኢ4:4365 ይል ነበር፤ ቢሲኤም43142 የሚባለው የብሮድኮም ቺፕ ማለት ነው።

የኢንቴል ካርዶች ድራይቨር ከሊኑክስ ከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙም አያስቸግሩም። ብሮድኮም በ2010 ለአንዳንድ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር አውጥቷል፤ ይሄኛው ግን ከነሱ ውስጥ የለም። «ደብሊውኤል» የሚባለው ድራይቨሩ ኮዱ ዝግ ስለሆነ ከርነሉ ውስጥ አይገባም። ለብቻው መጫን አለበት።

ለመጫን ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አንድሮይድ ስልክሽን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚና ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ»ን አብሪ። ኡቡንቱ ልክ በኬብል እንደተገናኘ ይቆጥረዋል። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ምንም አይመጣም። ጥቅልሽ እንዳያልቅም ሙሉ አፕዴቱን ለሌላ ቀን ተይው።

አሁን «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈቺ። ትንሽ ይፈልግና የብሮድኮሙን ያሳይሻል። መርጠሽ አፕላይ በይ።

እዚህ ጋ ቀስ በይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ሲነሳ የሚከለክለው መከላከያ) በርቶ ከሆነ፣ ሲጫን የይለፍ ቃል አውጪ ይልሻል። አውጪና ወረቀት ላይ ጻፊው። ሪስታርት ስታደርጊ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የሚጠብቅሽ 10 ሰከንድ ብቻ ነው! ቶሎ አንድ ቁልፍ ተጫኚ፤ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን ምረጪ፤ ቀጥለሽ ያንን የይለፍ ቃል አስገቢ። እኔ ላፕቶፑ እስኪነሳ ብዬ ሻይ ላፈላ ሄጄ ስክሪኑ አመለጠኝ። ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ዋይፋይ ግን የለም። ምክንያቱን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ካመለጠሽ ድራይቨሩን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው።

ከዚያ የዋይፋይ ስሞች ይደረደሩልሻል። ካርዱ ታይቶ አልበራ ካለሽ የኪቦርዱን የዋይፋይ ቁልፍና ኤርፕሌን ሞድን እዪ።

ይህ ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት። አንድ ቀን ከአፕዴት በኋላ ዋይፋዩ ከጠፋ አትደንግጪ። ላፕቶፑ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተሽ የቀድሞውን ከርነል ምረጪ።

ይህ ሁሉ አልሆነም ካልሽና ዩኤስቢ አዳፕተር ከገዛሽ ደግሞ ሻጩን ስለ ቺፑ ጠይቂው። ኤአር9271 ወይም ኤምቲ7612ዩ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ ሰክተሽ ትጠቀሚያለሽ። የመጀመሪያው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው 5ንም ይይዛል። ቁጥርሽ በ14ኢ4 የማይጀምር ከሆነ መስመሩን እንዳለ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።